ቃሊቲን ሰጠሁሽ

የልጅ ልጄ የምትማርበት ኬጂ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ከኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ነው። ትምህርት ሊጀመር ሲል መምህሯ አስጠራችኝና ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። መምህሯ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ትሕትና አለው። ጥቁር ልብሴን አይታ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ካለችኝ በኋላ ወደ ጉዳዩ ለመግባት ጥቂት ተቸገረች።

«እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። ልጅቷ ስትጠየቅ አትመልስም።»

«ዝም ትላለች?»

«ዝም ብትልማ ዓይን አፋር ናት እል ነበር። የሰፈር ስም ነው የምትጠራው። ይህችን ካርድ አሳይቼ ምንድን ናት ብላት ‹ቃሊቲን ሰጠሁሽ› አለችኝ። ሌላ አሳየኋት፤ ‹ገላንን ሰጠሁሽ›። ቀጠልኩ፤ ዱከምንም ሰጠችኝ።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። «የምጠይቃትና የምትመልሰው አይገናኝም። ከእኩዮቿ ጋር ባስገባት ትቸገራለች ብዬ ፈራሁ። ዘንድሮ ከትንንሾቹ ጋር ብትቀመጥ ይሻል ይሆናል። ሐኪም ቢያያትም አይከፋም። ለማንኛውም ሰኞ አንዴ ልሞክራት።»

ካርዶቹ ላይ የተሳሉት ቅርጾች ናቸው፤ ስማቸው የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሏል። ልጄ፣ የሕፃኗ እናት ማለት ነው፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ስትመጣ መተኛት ነው። ሕፃኗን ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግራት እሱ ነበር። እሱ ሲሄድ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው «ብዪ»፣ «ታጠቢ»፣ «ተኚ» ብቻ ሆነ። የልጅ አእምሮ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ይዞ ያድጋል? ከአያቷ ጋር አብሮ ቆሞ ቀርቶ ቢሆንስ?

ከልጅቷ ጋር የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ቆምኩና ጠየቅኋት።

«ቲቸርን ቃሊቲን ሰጠሁሽ ያልሻት ለምንድን ነው?»

«መልሱን አላወቅኩትማ።»

«ካላወቅሽ አላውቅም ትያለሽ እንጂ።»

ነገሩ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ዓይን አየችኝ። «ካላወቁ አገር ይሰጣል። አባባ ነው ያለኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር ግን ታጭበረብራለች። አገሬን ሁሉ ወሰደችና መልሱን አልነገረችኝም።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ሳቅኩ። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ። ጀሪካን ይዛ የምትወርድ ጎረቤታችን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አይታ በጎን በኩል ቀስ ብላ አለፈች።

ባለቤቴ አቃቂ ብረት ሥራ ላይ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሥራው ሕፃኗ ሆነች። ታክሲ ወረፋ ላይ ሲቆሙ፣ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ፣ ጫማዋን ሲያስርላት፣ «እንቆቅልሽ» ይላታል። «ምን አውቅልህ» ትለዋለች። ሲያቅታት «አገር ስጪኝ» ይላል። እኛ በልጅነታችን ጎንደርንና ሐረርን እንሰጥ ነበር። እሷ የምታውቀው የታክሲ ረዳቶች የሚጠሩትን ስለሆነ ቃሊቲን ትሰጠዋለች። እሱም አይንቅም። «ቃሊቲ ገብቼ፣ ሽሮ በልቼ፣ ጥግ ይዤ ተኝቼ» ብሎ ካጣጣመ በኋላ መልሱን ይነግራታል። ቢሾፍቱን የሰጠችው ቀንማ ዓሣ ጠብሶ፣ ሐይቅ ዳር ተንጋሎ፣ መልሱ ጋ እስኪደርስ በጉጉት ልትፈነዳ ነበር።

ያኔ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ደረጃው ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ገረመኝ። ይህች ልጅ ካርዱ ሲቀርብላት ጥያቄ መሆኑን አውቃለች። እሷ መልሱን እንደማታውቀው፣ ጠያቂዋ ግን እንደምታውቀው ገብቷታል። መልሱን የምታገኝበትንም መንገድ ታውቃለች፤ ዋጋውን ከፍላ ጠበቀች። በሱ ጨዋታ ውስጥ አለማወቅ አያሳፍርም፤ አገር ተሰጥቶበት እውቀት ይወሰድበታል። ቆሞ የቀረ አእምሮ እንዲህ አይሠራም። እጇን ይዤ የቀረውን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም፤ ጉልበቴም አላመመኝም።

ቤት እንደገባን «እንቆቅልሽ» አልኳት። ከልጅነቴ የማስታውሳቸውን ጠየቅኋት፤ ሁሉንም ከአያቷ ሰምታቸዋለች። ሰለቻትና «አሁን የኔ ተራ» አለች።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«መጀመሪያ ያስለዋል፣ ከዚያ ያለቅሳል።»

«ጉንፋን የያዘው ሕፃን።»

«አይደለም።»

«የታመመ ሽማግሌ።»

«አይደለም። አገር ስጪኝ።»

ሳሪስን ሰጠኋት። ሳሪስ ገብታ ጫማ ገዝታ፣ ጫማው ጠቧት መልሳ፣ እንደ አያቷ ስታጓጓኝ ቆይታ «ቧንቧ ነው» አለች።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይገባዋል። ውኃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ቧንቧው አየር ይተፋል፤ ክሕ ክሕ ይላል፤ ከዚያ ነው የሚንጠባጠበው። ይህን ከአያቷ አልሰማችም። አያቷ የሚያውቃቸው እንቆቅልሾች የበሬና የማሳ ነበሩ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ቧንቧው።»

ይህን ልነግረው ዞር አልኩ። ወንበሩ ላይ የለም። ደስታዬ ግን ከዚያም በኋላ አልበረደም። ለካ ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ነገርን ከነገር ጋር የማገናኘትን መንገድ ሰጥቷት ነው የሄደው። እሷ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ወደዚያ መንገድ አስገብታዋለች። በረንዳው ላይ ቆማ ባጃጁን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የሚገነባውን ሕንፃ እያየች እንቆቅልሽ ትፈትላለች። እሱ ከሞተ ወዲህ ያጠፋሁትን ሬዲዮ መልሼ ከፈትኩ። ገበያ ስሄድ ይዣት ሄድኩ። ከሱቁ ባለቤት ከስልጤው ጋር ስትከራከር፣ ለምን ሽንኩርት ልብሱ እንደሚበዛ ስትጠይቀው፣ ቆሜ አዳመጥኩ። በምትሰማው ቃል ልክ ሐሳቧ ሲረዝም በዓይኔ አየሁት።

ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ በሰርቪስ መጣችና በር ላይ ሆና ሰማችን።

«እማዬ፣ ሰኞ ፈተና አለባት አይደል? ቅርጽ አስጠኚያት እንጂ።»

«እያስጠናኋት ነው።»

«እኔ የምሰማው እንቆቅልሽ ነው።»

ሕፃኗ ጣልቃ ገባች። «ማሚ፣ እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ» አለች ልጄ ቦርሳዋን ሳታወርድ። ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው፤ እሷንም ያሳደጋት ያው አባቷ ነው።

«ሳንቡሳ ይመስላል፣ ግን አይበላም።»

«ያደረ ሳንቡሳ።»

«አይደለም። አገር ስጪኝ።»

«ቂሊንጦን ውሰጂና ገላግይኝ።»

«ቂሊንጦ ገብቼ፣ ስሠራ አድሬ፣ በሰርቪስ መጥቼ፣ ትራያንግል ነው።»

ልጄ ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ሌላ» አለች። እንቅልፏን ትታ ክቡንና ካሬውን አብረን ፈታን። ሌሎቹን የእንግሊዝኛ ስሞች ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንምና ተውናቸው።

ሰኞ ለመምህሯ ቀድሜ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እንቆቅልሽ ነበር እንዴ? እኔ ራሴ ጎንደርን ስንቴ ሰጥቻለሁ። እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?»

«ካርድ ይዘሽ እንቆቅልሽ ትጠይቃለሽ ብሎ ማን ያስባል፣ ልጄ። ብቻ አገሩን ከተቀበልሽ መልሱን መንገር አለብሽ።»

«እነግራታለሁ። ግን እማማ፣ ጨዋታውን ማወቋ አይበቃኝም። ሲነግሯት ትይዛለች ወይ የሚለውን ማየት አለብኝ። ካልያዘች ከእኩዮቿ ጋር ማስገባት እሷኑ መጉዳት ነው።»

እውነቷን ነው። ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩ።

ክቡን አወቀችው። ሳንቡሳውንም አወቀችው። ከዚያ የተንጋደደ ክብ የመሰለ ቅርጽ መጣ፤ እኛ ቤት ያላጠናነው ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ልትዞር ስትል አንገቴን ደፋሁ።

«ቃሊቲን ሰጠሁሽ» አለች። ዓይኗን የመምህሯ አፍ ላይ ተክላ ጠበቀች።

«ቃሊቲ ገብቼ» አለች መምህሯ። ቆመች። «ቃሊቲ ገብቼ… ታክሲ አጥቼ፣ በእግሬ መጥቼ፣ ኦቫል ነው።»

«ኦቫል» አለች የልጅ ልጄ ቀስ ብላ፣ እንደሚቀመስ ነገር። «እንቁላል።»

መምህሯ ሌላ ካርድ አሳየቻት፣ ስለ ስሟ ጠየቀቻት፣ ስለ ቀለም ጠየቀቻት። ከቆየች በኋላ ያንኑ ካርድ መልሳ አነሳች፤ አሁን ግን አቁማ ነው የያዘችው። ልጅቷ አንገቷን ዘመም አደረገች።

«ኦቫል ነው» አለች። «ተነሥቶ ቆሟል።»

መምህሯ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እኔን አየችኝ። ፊቷ እንደ እኔ ፊት በርቶ ነበር።

«አሁን የኔ ተራ» አለች ልጅቷ። የቧንቧውን ጠየቀቻት። መምህሯ በግ አለች፣ ድመት አለች፣ አቃታት።

«እሺ፣ አቃቂን ሰጠሁሽ።»

«አቃቂ አይሰጥም።»

«ለምን?»

«አባባ እዚያ ነው።»

የቀበርነው አቃቂ ነው። ያን ሁሉ ሰፈር ስታድል አቃቂን አንድ ቀን እንዳልሰጠች ያኔ ገና ልብ አልኩ። ማንም አልነገራትም፤ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ራሷ ለይታዋለች።

«እንግዲያው ሐዋሳን ሰጠሁሽ» አለች መምህሯ።

ልጅቷ ሐዋሳን አታውቃትም። ትንሽ አሰበች። «ሐዋሳ ገብቼ፣ ያለውን አይቼ፣ ቧንቧ ነው።»

ከእኩዮቿ ጋር ገባች። መምህሯ ቦታዋን አሳየቻት፤ በመስኮቱ በኩል ነው፣ መንገዱ ይታያል።

ወደ ቤት ስንመለስ በኪሷ የያዘችውን ዕቃ እንደምታወጣ ሆና «ሐዋሳ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሐይቅ አለ። ዓሣ አለ።»

«ዓሣው ምን ይበላል?»

«አላውቅም» አልኳት።

ቆመች፤ እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው አገር ስጪኝ።»

አንድ ባጃጅ አጠገባችን ደርሶ «ግቡ» አለን። አይ፣ በእግራችን ነን አልኩት። የምሰጣት አገር ብዙ ነበር።