ልጄን የማያውቃት ሊቀመንበር

አርብ ጠዋት ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከልጄ ከትርንጎ ጋር ቆሜያለሁ... እኔ ወረቀቶቿን በፖስታ ይዣለሁ፣ እሷ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራለች። ነገ ንጋት ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ካመለጣት ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ለማያውቀው ልንገር። በደርግ ጊዜ ውጭ አገር ለመማር ዕድሉን ማግኘት ብቻውን አይበቃም ነበር። ትርንጎ ቡልጋሪያ ሄዳ ሕክምና እንድትማር ተመረጠች። ደስ ብሎን ሳናበቃ ጣጣው ተከተለ። የጤና ምርመራ፣ ዋስ፣ የመውጫ ቪዛ... ለመውጫ ቪዛው ደግሞ ቀበሌው «ይህችን ልጅ እናውቃታለን» ብሎ ፎቶግራፏ ላይ ማኅተም ማሳረፍ አለበት። ፎቶው ራስ ሳይሸፈን፣ ሁለት ጆሮ እየታየ ይሁን ተባለ።

የተያዝነው እዚህ ላይ ነው። እናቷ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገና አርባዋ አልወጣም። ልጅቱም እንደ አገሩ ወግ ፀጉሯን ተላጭታለች። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ትርንጎ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ የወረደ ልጅ ናት። አዲሱን ፎቶ ያነሣት ሰይድ ሥዕሉን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም።

«አያ ፈንታ፣ አይቀየሙኝ... ዲያቆን መስላ ወጣች» አለኝ።

ሊቀመንበሩ ጓድ አዳነ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ አያቸው።

«አንድ ሰው አይደሉም» አለ።

ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው። ታናሼ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ምላሴ በራሱ ጊዜ ወደ እርስዎ ይዞራል። ትርንጎን ሻሽሽን ፍቺና አሳዪው አልኋት። ፈታች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እሱ ግን አዲሱ ፎቶ ከፊቷ ጋር ቢገጥምም ከመታወቂያው ጋር አልገጠመም አለ። እንግዲያው መታወቂያዋን ይቀይሩልን አልሁ። ለመቀየር መጀመሪያ እሷ መሆኗ ይረጋገጥ አለኝ። በምን ይረጋገጣል? በመታወቂያዋ።

አቤቱ ትዕግሥቱን ስጠኝ አልሁ በልቤ። አልሰጠኝም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ድንኳኑ ውስጥ ከእኛ ጋር የተቀመጡት እርስዎ አይደሉም? ተላጭታ ስትወጣ አይተው ያለቀሱት እርስዎ አይደሉም?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። እኔን የበለጠ ያበገነኝ አለመቆጣቱ ነው።

«አያ ፈንታ፣ እዚያ የመጣሁት በጎረቤትነቴ ነው። በጎረቤትነቴ አውቃታለሁ። በሊቀመንበርነቴ ግን አላውቃትም።»

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። ከሌላ ቀበሌ አንዱ በሰው ስም ከአገር ወጥቶ ኖሮ ማኅተሙን የመታው ሰው እስር ቤት ነው። ስለዚህ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ምስክሮች ያምጡ ተባልሁ።

ሮጥሁ። ሰይድ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ተከተለኝ። ልጅቱን የላጨቻት ወይዘሮ እናና እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች፤ ምላጩን የያዝሁት እኔ፣ ከእኔ ወዲያ ማን ይመስክር አለች። ሦስተኛ ሰው ግን ጠፋ። የእድሩ ሰው በሙሉ ለቀብር መሸንቲ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ወርዷል። የንስሐ አባታችንን ለምኜ ባመጣቸው፣ የካህን ምስክርነት እዚህ ቤት አይሠራም ተባለ። እሳቸውም መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መልሰው ወጡ። የዚያን ጊዜ ደሜ እንዴት እንደፈላ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

ቢሮው ሊዘጋ ሆነ። ፀሐፊው መስኮት መቆለፍ ጀመረ። ትርንጎ እጄን ያዘች።

«ተወው አባ። እዚሁ እማራለሁ።»

ድምፅዋ የእናቷን መሰለኝ።

ይኼኔ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰይድና ሊቀመንበሩ አብሮ አደግ ናቸው፤ ከተማችን ዳር ባለው ሐይቅ ውስጥ አብረው ሲዋኙ ያደጉ።

«አዳነ፣ በጎረቤትነቴ አውቃታለሁ ብለሃል አይደል? እንግዲያው ሦስተኛው ምስክር አንተ ነህ። ና ወዲህ ቁም።»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሲነሣ ሊያባርረን ነው ብዬ ትርንጎን ወደ ኋላዬ ሳብኋት። እሱ ግን ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ እኛ ጋ፣ ባለጉዳይ ከሚቆምበት ቆመ። አጎንብሶ በምስክርነት ፈረመ። ቀና ሲልም ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እግዜር ያጥናዎ አያ ፈንታ» አለኝ፣ ልክ የቀብሩ ዕለት እንዳለኝ።

ከዚያ ተመልሶ ሄዶ ተቀመጠ። ኮሌታውን አስተካከለ። ወረቀቱን ዓይቶት እንደማያውቅ ከላይ ጀምሮ አነበበና ቀና ብሎ ጠየቀን።

«ሦስተኛው ምስክር የዚሁ ቀበሌ ነዋሪ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ እናና ብቻ መለሰችለት።

«ነው ጓድ። ጠባዩ ግን ትንሽ ያስቸግራል።»

ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ከፍ አደረገው... ፎቶው ላይ አሳረፈው። ትርንጎ በማግሥቱ አውቶቡሱን ደረሰችበት።

በዚያ ሰውዬ ስንት ዘመን ተናደድሁ። ውስጤን ስመረምር ግን፣ ማኅተሙ አየር ላይ ሳለ እኔም እንደሱ ሁለት ሰው ነበርሁ... በአባትነቴ ይውረድ እላለሁ፣ ባዶ ቤት እንደሚጠብቀው ብቸኛ ሰው ደግሞ ምነው ቀለሙ ደርቆ በነበረ እላለሁ።