የሚስ አይሪን ደሴት

ልጅ ሳለሁ ተረት የነገሩኝ ሴት አንዲት ቃል አማርኛ አያውቁም ነበር። ስማቸው ሚስ አይሪን ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ፣ ኦግደን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ ግቢ ማዶ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከእኛ ቤት ጋር አጥር በሚጋራ ቤት ከልጃቸው ከማርሻ ጋር ይኖሩ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች። ሺፍታቸው ሲጋጭ፣ የማይጋጭበት ሳምንትም አልነበረም፣ እኔ የምውለው ሚስ አይሪን ዘንድ ነበር።

እናቴ «እትዬ አይሪን» ትላቸው ነበር። የወሎ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አይሆንላትም። እንግሊዝኛዋ ያኔ ገና ስላልተቃና «እትዬ አይሪን፣ ፕሊስ፣ ሺ ኢት፣ ኖ ቲቪ» ብላ፣ ያብሏት፣ ቲቪ አያሳዩአት ማለቷ ነው፣ እየሮጠች ወደ ባሱ ትሄዳለች። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እጄን ይቀበሏታል።

በጓሯቸው ለሁለት የተሰነጠቀ የብረት በርሜል ነበር። ብርዱ ሲለዝብ በርሜሉ ውስጥ እንጨት አንድደው፣ ትልቅ ድስት ጥደው፣ የፍየል ሥጋ ከቅርንፉድና ከጦስኝ ጋር ይቀቅላሉ። በአገራቸው የሠርግም የለቅሶም ምግብ እሱ ነው አሉ። ሥጋውን አባቴ ከሐላል ሥጋ ቤት ስለሚያመጣላቸው እኛም እንበላው ነበር። እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ ከአጥሩ ባሻገር የጭነት ባቡር ፉርጎዎች እርስ በርስ ሲጋጠሙ የሚያሰሙት ድብልቅልቅ ያለ ጉርምርምታ ምድሩን ሲያንቀጠቅጠው፣ ሚስ አይሪን ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቁና ይጀምራሉ።

«በባሕር መሀል አንዲት ተራራ ነበረች።»

ተረቱ ሁልጊዜ ስለዚያች ተራራ፣ ማለትም ስለ ደሴታቸው ነበር። ስሟ ሞንትሰራት ነው። ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች፣ ባንዲራዋ ላይ የእንግሊዝ ምልክት ያለባት፣ አንድ ብርቱ ሰው ማልዶ ቢነሳ በአንድ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ የሚያቋርጣት ጠብታ መሬት ናት። ያኔ እኔ አገር ማለት ትልቅ ነገር ይመስለኝ ስለነበር አገራቸው እንደዚያ ትንሽ መሆኗ ራሱ ተረት ነበር።

ስለ ሰዎቹ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይደርቃል። «የአያቴ አያት ከአፍሪካ በሰንሰለት መጣች። ስሟ ግን የአየርላንድ ስም ነበር፤ የገዛት ሰው ስም። የራሷን ስም የጠየቃት ሰው አልነበረም» አሉኝ አንድ ምሽት። የነጮቹ ባለርስቶች መጀመሪያ ሸንኮራ አገዳ፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ጥጥ አስተከሉ። ሁሉም በየተራው መጣ፣ በየተራውም ሞተ፤ አንዱን አውሎ ነፋስ ወሰደው፣ ሌላውን ገበያ ጣለው። የሚስ አይሪን እናት የሰው ጥጥ ስትለቅም ነው ጀርባዋ የጎበጠው። እሳቸው ራሳቸው ሲደርሱ ደግሞ ጡረታ የወጡ ካናዳውያን እየመጡ በኮረብታው ላይ መዋኛ ያለው ቪላ ይሠሩ ጀመር፤ እሳቸውም ቪላዎቹን ያጸዱ ነበር። «ካናዳን መጀመሪያ ያወቅኋት አንሶላዋን ሳጥብ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምኑ እንደሚያስቅ ግን አልገባኝም ነበር።

የበለጠ የምወደው የከተማዋን ነገር ነበር። ዋና ከተማዋ ፕሊመዝ ትባላለች። ሚስ አይሪን በእንጨት ጫፍ መሬቱ ላይ መንገዶቿን እየሣሉ፣ እዚህ ዳቦ ቤቱ፣ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ስኳር ድንችና ማንጎ የሚዘረጉበት ገበያ፣ እዚህ የወደቡ መጋዘን፣ እዚህ እኔ የተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ግቢው ውስጥ እናቴና አባቴ የተቀበሩበት፣ እያሉ ምሽቱን ሙሉ ያስጎበኙኛል። ያኔ እዚያው ካልጋሪ ያለውን የሰንሪጅን የገበያ አዳራሽ እንኳ እንደዚያች ከተማ አላውቀውም ነበር።

«እንሂድ?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«አይቻልም፤ ተቀብራለች።»

ከዚያ የተራራዋን መንቃት ይነግሩኛል። ለብዙ ትውልድ ተኝታ የኖረች ተራራ አንድ ቀን ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ቀጥሎ አመድ። አመዱ ጣሪያ ላይ ሲከመር፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ሲሚንቶ ይከብድና ቤቱን ይደረምሰዋል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሳይቀር መጥረጊያ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። በኋላ መንግሥት «ወደ ሰሜን ውጡ» አለ። ለም መሬቱ፣ ከተማው፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ደቡብ ነው፤ ሰሜን ድንጋይና ፍየል ብቻ። ሰዉ ግን ወጣ። እሳቸውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተደርድረው ተኙ።

ተረቱ ሁልጊዜ እዚያ ወለል ላይ ያልቃል። «ከዚያስ?» ስላቸው ይነሱና የድስቱን ክዳን ከፍተው ያያሉ። «ለዛሬ ይበቃሻል፣ ልጄ።»

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ሰመር ከምዕራብ፣ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ደን ተቃጥሎ ጭሱ ካልጋሪ ላይ ወረደ። ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀላች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስነሳ መኪናዎቹ ላይ ስስ አመድ ተነስንሷል። እናቴ በዚያ ሰሞን የጠዋት ሺፍት ስለነበራት ጎሕ ሳይቀድ ሄዳለች፤ አባቴም ማርሻም ሥራ ወጥተዋል። ወደ ሚስ አይሪን ጓሮ ስገባ መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ እሳቸው በሌሊት ልብሳቸው ጋራዡ ጣሪያ ላይ ቆመው ይጠርጋሉ።

«ሚስ አይሪን፣ ይወድቃሉ!»

አልሰሙኝም። የሚጠርጉት ነገር እኮ ይህን ያህል አልነበረም፤ ቢነፉት የሚበን ነበር። እሳቸው ግን እንደ ትልቅ ክምር በሁለት እጃቸው እየገፉ ያለከልካሉ። በዚህ መሀል ባቡሩ ግቢ ውስጥ ፉርጎዎቹ ተጋጩና ያ ጉርምርምታ መጣ። ሚስ አይሪን መጥረጊያውን ጣሉት። እንዴት እንደወረዱ እስካሁን አላውቅም። ኩሽና ገብተው ፎጣ በውሃ ነክረው አፌንና አፍንጫዬን ጠቅልለው አሰሩኝ፤ የገበያ ጋሪያቸው ውስጥ ዳቦ፣ ውሃና ብርድ ልብስ ከተቱ፤ እጄን ያዙ።

«ጊዜ የለንም። ወደ ሰሜን።»

በኦግደን መንገድ ወደ ሰሜን ሄድን። ካልጋሪ ውስጥ እንደሆንን፣ ተራራ እንደሌለ፣ ቤታችን ከኋላችን እየራቀ እንደሆነ ሁሉንም አውቅ ነበር። ሮጬ መመለስ እችል ነበር። ግን እጃቸውን ብለቅ ብቻቸውን እንደሚሄዱ ስለገባኝ አልለቀቅሁትም። ትላልቅ መኪናዎች ጆሯችን ሥር እያገሱ ያልፋሉ፤ ፎጣው ደርቆ ፊቴን ይፍቀኛል። ሚስ አይሪን ከወለሉ ወዲያ ያለውን ተረት ነገሩኝ። እየሄዱ፣ ወደ ፊት እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው በማይታወቅ ድምፅ።

ጆሴፍ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ገበሬ ነው፤ ማሳው ተራራዋ ግርጌ፣ በተከለከለው በኩል። ሰሜን ላይ የሚበቅል ነገር የለም፤ መጠለያው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ መብላት አለበት። ስለዚህ ጆሴፍና ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ተከለከለው ማሳ እየሄዱ ካሮትና ስኳር ድንች ነቅለው ይመለሳሉ፤ እሳቸውም ያንን እየቀቀሉ ያንን ወለል ሙሉ ሰው ያበሉ ነበር። አንድ ቀን ሚስ አይሪን ውሃ ጥደው ሲጠብቁ ተራራዋ ተናወጠች። የጋለ ደመና ከመኪና በላይ ፈጥኖ ቁልቁል ወረደ፤ ቀኑ ጨለመ። መንገድ ዳር ወጥተው ቆሙ። ከማሳው በኩል የመጡት ሰዎች የጫማቸው ሶል ቀልጦ እግራቸው ቆስሎ ነበር። እያንዳንዱን እያስቆሙ «ጆሴፍ ወረደ?» ብለው ጠየቁ። ከተራራው ሥር ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ከአደጋው መውጣት ለእነሱ መውረድ ነው።

«ወረደ ያለኝ አልነበረም» አሉ። «ሬሳውንም አላገኙም። ማሳው ራሱ የለም።»

ከዚያ አንድ የቆመ የጭነት መኪና አጠገብ ደረስን። ሾፌሩ መስታወቱን ሲወለውል ሚስ አይሪን ቀረብ ብለው፣ በጣም በትሕትና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ጆሴፍ ወርዷል?» አሉት። ሰውየው እሳቸውን አየ፣ የሌሊት ልብሳቸውን አየ፣ ፊቴ ላይ የታሰረውን ፎጣ አየ። ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው።

እናቴ ያገኘችን እዚያ ነው። እኩለ ቀን አልፎ ከሥራ ስትመለስ በባሱ መስኮት አይታን ነጂውን ጮኻ አስቆመችው። «ያ ረቢ! ዘይኑ!» ብላ ስሜን እየጠራች መንገዱን ሳታይ ተሻግራ መጣች። ፎጣውን ከፊቴ ላይ መንጭቃ ጣለችና ወደ ሚስ አይሪን ዞረች። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋት።

«ምን ሆነዋል እርስዎ? ልጄን ይዘው ወዴት ነው የሚሄዱት? ቢገጭብኝስ? ምን ይበጀኝ ነበር?»

በዚያ ንዴቷ ውስጥ እንኳ አንቱታውን አልተወችም። ሚስ አይሪን የማያውቁትን ቋንቋ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ሰሜን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቦታ አለ» አሏት። «አንቺም ነይ። ፍጠኚ።» እናቴ ሹራቧን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና ጋሪውን ተቀበለቻቸው። ወደ ቤት የተመለስነው በእግራችን ነው፤ እናቴ በመሀል፣ እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ።

ማታ አባቴ «ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትሄድም» አለ። እናቴም አልተከራከረችም። በልጁ የፈራ ሰው ነው፤ አሁን እኔም ልጅ ወልጄ እፈርድለታለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ማርሻ እናቷን ሰንሪጅ አካባቢ ያለ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገባቻቸው፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ተከራየ። ተረት በዚያው ቀረ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ማርሻ እናቴን ኮል አድርጋ፣ እማዬ እየደከመች ነው፣ የጎረቤቷን ልጅ ትጠራለች አለቻት። በማግስቱ ከሰዓት ሄድን። ሚስ አይሪን አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል፤ ከሳቸው የቀረው ዓይናቸው ብቻ ነበር። እጄን ያዙ፤ ስሜን ግን አልጠሩም።

«ጆሴፍ ወረደ?» አሉ።

ያኔ እውነት መናገር ትልቅ ሰው መሆን ይመስለኝ ነበር። «ሚስ አይሪን፣ ጆሴፍ እኮ…» ብዬ ስጀምር እናቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝና አልጋው ላይ ጎንበስ አለች።

«ሂ ኬም፣ እትዬ» አለች በዚያው ባልተቃና እንግሊዝኛዋ። «ጆሴፍ ኬም ዳውን። ሂ ኢት። ናው ሂ ስሊፕ።» ወርዷል፣ በልቷል፣ አሁን ተኝቷል ማለቷ ነው።

ሚስ አይሪን ትኩር ብለው አዩዋት። «እግሩስ?» አሉ።

«ጉድ፣ እትዬ። እግር ጉድ። ኖ ፕሮብሌም።»

ያን ጊዜ እጃቸው እጄ ውስጥ ላላ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ተኙ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሰንብተው ሞቱ። ወላጆቻቸው አጠገብ መቀበር ይፈልጉ ነበር፤ መቃብሩ ራሱ በአመድ ስለተቀበረ ግን በረዶ የያዘው መሬት በማሽን ተቆፍሮ ካልጋሪ አፈር ውስጥ ገቡ።

ያን የጠየቅናቸው ቀን ከነርሲንግ ሆሙ ስንወጣ እናቴ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁጭ አለች። «ለምን ዋሸሻቸው?» አልኳት።

«ለእኔም እንዲህ ብሎ የሚዋሸኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ» አለችኝ። ስለ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም ፊቷን አይቼ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ስለዚያች ደሴት አልፎ አልፎ አነባለሁ። ካርታው ላይ ዋና ከተማዋ አሁንም ፕሊመዝ ናት፤ አንድም ሰው የማያድርባት ዋና ከተማ። ብዙው ሰው ተሰዶ አልተመለሰም፤ የቀሩት በሰሜን ድንጋያማ ጫፍ፣ በአብዛኛው በእንግሊዝ ድጎማ ይኖራሉ። ተራራዋ የተፋችውን አሸዋ ደግሞ በማሽን እየዛቁ፣ በመርከብ እየጫኑ፣ ለጎረቤት ደሴቶች ቤት መሥሪያ ይሸጡታል። ከየትኛው ማሳ ላይ እንደሚዛቅ አላውቅም። ግን ሳነብ ጆሴፍ የአንድ ሰው ሳሎን ግድግዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ማንበቤን አቆማለሁ።

እናቴ አሁን እያረጀች ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች፤ ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ አንዳንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ መንገዱን ስታይ ትቆያለች። አንድ ቀን ዞራ «መጣ?» ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ መጥቷል፣ በልቷል፣ ተኝቷል እላታለሁ። የምትጠብቀውን ሰው ስም ብቻ አላውቀውም።