ባጃጅ ውስጥ የቀረው ነጠላዬ

ወንድሞቹ የሸጡትን ልጅ ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ከልጆቹ ጋር ስሆን ግን አንደበቴ ይፈታል። የጌታው ሚስት ጥሎት የሸሸውን ልብስ ይዛ በሐሰት እንደከሰሰችው ስነግራቸው አንዷ ልጅ፣ ታዲያ ለምን እውነቱን አልተናገረም አለችኝ። እሁድ እነግርሻለሁ አልኋት።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ ነጠላዬን ተዋሰችኝ። የእሷ ታጥቦ አልደረቀም፤ ዘንዘልማ ያለች አክስቷ ታማ ልትጠይቃት ነው። አብረን ነው ያደግነው። አባቷ የደብራችን ቄስ ናቸው።

ቅዳሜ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አባላቱን ሁላችንን ጠርተው ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ጫፉ ተቀዶ በሰማያዊ ክር የጠቀምሁት ያው ነው። ያመጣው ባለባጃጅ ነበር። ከሐይቁ ዳር ከወንድ ጋር ተቃቅፋ የተሳፈረች ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስትወርድ ረስታዋለች፤ መሽቶ ስለነበር ፊቷን አለየም።

"የማን ነው?" አሉ።

"የእኔ ነው" አልሁ። "ያቺ ልጅ ግን እኔ አይደለሁም።"

ታዲያ ማን ለብሶት ነበር አሉኝ። ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ይነካኛል። አባቷን እንደምትፈራ ስለማውቅ እሷው እንድትናገር ጠበቅሁ። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ልቤ ቀለል አለኝ።

"እህቴ፣ ንስሐ ግቢ" አለች እጄን ይዛ። "ሁላችንም ሰዎች ነን፤ አንፈርድብሽም።"

እጇ እንደ ወትሮው ሞቃት ነበር።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ የወሰድሽው?" አልኋት። ድምፄ ከከንፈሬ እምብዛም አላለፈም፤ ቢሆንም ሰምተውኛል። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው በቄስ ልጅ ማላከኬ ከጥፋቱ እንደሚብስ ነገሩኝና፣ "ልጄ፣ ለጊዜው ከልጆቹ ራቂ" አሉኝ።

እሁድ ልጆቹ የተሰጡት ለእሷ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በክፍሉ መስኮት በኩል ሳልፍ ድምፅዋን ሰማሁና ቆምሁ። እኔ ካቆምሁበት፣ ከልብሱ ቀጥላ ነበር። ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

"ለምንድን ነው እውነቱን ያልተናገረው?"

ጓደኛዬ ቀና ስትል መስኮቱ ላይ አየችኝ። ትናገራለች ብዬ እንደገና ጠበቅሁ።

"ተነሡ" አለቻቸው፣ "እንዘምር።"