በወንፈል ያስፈረምነው ልጅ

ባለፈው እሑድ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። የከተማችን ቡድን አዲሱ ኃላፊ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣውን አጥቂ ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማን ይችለናል?» አለኝ። ሲጫወት አይተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አላየውም። ሻዩ ከነስኳሩ መረረኝ።

እኔም በወጣትነቴ ለዚህችው ከተማ እጫወት ነበር። ትልልቆቹ ቡድኖች ያሻቸውን ተጫዋች ሲያስመጡ እኛ ለአንድ ማልያ እንኳ እንቸገር ነበር። ስለዚህ በበዓል ቀን፣ ገበሬው ከሥራ ሲያርፍ፣ እኔና አምበላችን በየአጥቢያው እየዞርን የገጠር ልጆች ሲጫወቱ እናያለን። ማረው የሚባለውን ልጅ ያገኘነው እንዲህ ነው። ብዙ አይሮጥም፤ ግን ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ቀድሞ ይገኛል። እንዲህ ያለ አማካይ ከተማ ውስጥ አልነበረንም።

ችግሩ ውድድሩ ኅዳር ላይ መሆኑ ነው። ኅዳር ደግሞ በፎገራ ሩዝ የሚታጨድበት ወር ነው። አባቱ አያ ሙጨ፣ «ልጁን ብሰጣችሁ ሩዜን ማን ሊያጭድልኝ ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። አምበላችን ትንሽ አሰበና፣ «እኛ በወንፈል እናጭድልዎታለን፤ እርስዎ በምላሹ ማረውን ለጨዋታው ይልቀቁልን» አላቸው። ወንፈል ማለት ዛሬ ለሠራልህ ሰው ነገ አንተ የምትሠራለት ነው። አያ ሙጨ ተስማሙ።

ቡድኑ በሙሉ ማጭድ ይዞ ወረደ። የሩዙ ቅጠል ክንዳችንን ቧጨረን፣ ከሥር ያልደረቀው ጭቃ እግራችንን ያዘን። ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮ በሩዝ እንጀራ በላን፣ ጠላም ጠጣን። ወገባችን ቢቆረጥም ደስ ብሎናል፤ ባለገንዘቦቹ የማያውቁት ማረው የእኛ ሆኗል።

የጨዋታው ዕለት የቡድናችን ሊቀመንበር ከባሕር ዳር አንድ ተጫዋች በሚኒባስ ይዞ መጣ። ስሙ የታወቀ ነው አሉ። በማረው ቦታ ገባ። አምበላችን ቢለምን፣ እኔ ብጮህ፣ «ለገበሬ ልጅ ብዬ እንግዳ ላሳፍር?» አለን። እንግዳው ከእረፍት በፊት ትንፋሹ አለቀ፤ ሊቀመንበሩ ግን አሁንም እንዳያሳፍረው ፈርቶ አላስወጣውም። ተሸነፍን። ማረው ማልያውን እንደለበሰ ከዳር ተቀምጦ ቀረ። አባቱ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ሊያዩት መጥተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አያ ሙጨና ጎረቤቶቻቸው ዶማና አካፋ ይዘው ኳስ ሜዳችን መጡ። ክረምት የቦረቦረውን ጉድጓድ አፈር እያመላለሱ ይደለድላሉ።

«አያ ሙጨ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልሁ እየሮጥሁ።

«ልጄ አልተጫወተላችሁ፤ ጉልበታችሁን በነጻ አልበላም። የሚታጨድ ስለሌላችሁ ወንፈላችሁን በዚህ መለስሁ።»

«ማረውስ?»

«ከእንግዲህ አንፈላለግም ልጄ» አሉና ወደ አካፋቸው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ለጎረምሳው ኃላፊ ነገርሁት። ሳቀ። «ዘመኑ እኮ ሌላ ነው ጋሼ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ብው አልሁ። እሱ ፎቶ እያየ የሚዘልለው የገጠር ሜዳ በጎበዝ የተሞላ ነው፤ ወርዶ የሚያይ ግን የለም።

ማረውን ዛሬም ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ስለ ሩዙ ውሃ፣ ስለ ልጆቹ ያጫውተኛል። ስለ ኳስ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔስ በምን አፌ ላንሳበት?