ፈቃድ የሚጠይቀው ቧንቧ

ዛሬ ጠዋት በሳምንት አንዴ የሚመጣው ውሃ መጣ፤ የእኛ ሮቶ ግን ባዶውን ቀረ። ባለቤቴ ደግሞ አራስ ናት።

ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቧንቧ የምንከፍተው በስልክ ነው። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ዕቃው ደግሞ ከሸጠልን ድርጅት ሰርቨር ፈቃድ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። በእጅ መክፈቻ እንኳን የለውም!

አማቴ ባልዲ ይዘው «ልጄ፣ የገዛ ቤትህን ውሃ ለመክፈት ማንን ነው የምታስፈቅደው?» አሉኝ።

ጎረቤቴ ዳዊት ከአንድ ድርጅት ጋር ያልታሰረ ሲስተም ነው ያስገጠመው፤ ማንም ባለሙያ የሚጠግነው፣ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ። እኔ አፑ አያምርም ብዬ ተውኩት። (በውበቱ ታጠብ እንግዲህ!)

ዛሬ ዳዊት ግቢውን ቆልፎ ሥራ ሄዷል። የእሱ ሮቶ ግን ራሱ ሞልቶ ራሱ ዘጋ።

ውሃው ከሄደ በኋላ ኔትወርክ ተመለሰ። ስልኬም «ቧንቧው በተሳካ ሁኔታ ተከፍቷል» አለኝ። ሮጬ ሄድኩ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነው።

ይሄን የምጽፈው የቀጨኔ ዳገት መሃል ላይ፣ ከታች ውሃ የቀዳሁባቸውን ጀሪካኖች አስቀምጬ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው። የገዛ ቤታችሁ እንዲህ አልታዘዝም ያላችሁ፣ ምን አድርጋችሁ እንደተገላገላችሁ ጻፉልኝ። ሰፈር ያላችሁ ግን አትጻፉ፤ ውጡና አንዱን ጀሪካን ተቀበሉኝ።