የነጂብ ቀኝ ጉልበትና የጎረቤቱ ደንበኞች

በደብረ ታቦር ገበያ ነጂብን የማያውቅ ሰው ካለ ሱሪው ተቀድዶ አያውቅም ማለት ነው! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት በረንዳ ላይ፣ በአንዲት በእግር የምትረገጥ መኪና ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ የሰፋውን ዩኒፎርም ለብሰው የተማሩ፣ ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ ጉልበቱ ያመው ጀመር። ሲሄድ ደህና፣ ሲተኛ ደህና፤ መኪናዋ ላይ ሲቀመጥ ግን ውስጥ ውስጡን ይወጋዋል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ነው ብሎ በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሸው። ወጌሻ ጎትቶ አቃናው። ምንም! ጭራሽ ዘንድሮ ክረምት አንድ ትምህርት ቤት የስድሳ ልጅ ዩኒፎርም አዘዘውና፣ «እስከ ጳጉሜን ካላደረስክ ለይሻው እንሰጠዋለን» አለው።

ይሻው! ይህ ስም ሲነሳ የነጂብ ፊት እንዴት እንደሚጠቁር ባያችሁ። ይሻው ከአንበሳሜ መጥቶ፣ በዚያው በረንዳ በግራ ጫፍ መኪናውን የተከለ ጎልማሳ ሰፊ ነው። መቀሱ ፈጣን፣ ጨዋታው ጣፋጭ። ሴቶቹ ለቀሚስ ልኬት መጥተው ሲስቁ ይውላሉ። እሱም ቀኑን ሙሉ ፔዳል እየረገጠ ጉልበቱ ምንም አይል! ነጂብን ከሁሉ ያንገበገበው ይኸ ነበር።

«እኔ እኮ የጀመረኝ እሱ በመጣ ሰሞን ነው» አላት ሚስቱን ሙኒራን። «ዓይኑ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«እሱ መች ቀና ብሎ ያይሃል? አቀርቅሮ ሲሰፋ ነው የሚውል! ይልቅ ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለና ጽጌ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተላከ። ጽጌ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ተጫነች። ከዚያ ወንበር ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ሲሰፉ እንዴት ነው የሚቀመጡት? እስቲ ያሳዩኝ።»

ነጂብ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ፔዳል ላይ እንዳለ አድርጎ ወደፊት አስቀመጠ፤ ዳሌው፣ ትከሻውና አንገቱ ግን ወደ ግራ ዞሩ።

«ጨርቁ በግራ በኩል ነው እንዴ ያለው?»

«ኧረ ፊት ለፊቴ ነው።»

«ታዲያ ወደዚያ ምን አለ?»

ነጂብ ጉልበቱን ያሽ ጀመር። ሙኒራ በሻርፗ አፏን ይዛ፣ «ይሻው ነዋ!» አለች። «ማን ገባ፣ ማን ወጣ ሲል ሁለት ዓመት ወንበሩን አዙሮ ተቀምጧል!»

ጽጌ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። እግር ወደፊት እየረገጠ ሰውነት ወደ ጎን ሲዞር፣ መሃል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ያውም በቀን ስንት ሺህ ጊዜ። መድኃኒቱ ወንበሩን ማቃናት ነው።

ቀላል ነገር መሰላችሁ? የመጀመሪያው ሳምንት ለነጂብ ጀሃነም ነበር። በግራ በኩል ሳቅ ይሰማል፤ ማን እንደሆነች አያውቅም! ጨርቅ ሲቀደድ ይሰማል፤ ከፋይ ይሁን ጥጥ አያውቅም! አንገቱ ሊዞር ሲል መኪናዋን ጨብጦ ይይዛል። ብቻ ቀስ በቀስ ህመሙ ለቀቀው፤ ስድሳው ዩኒፎርምም ነሐሴ ሳይወጣ አለቀ።

ያን ዕለት ይሻው ራሱ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሽ ነጂብ፣ ምን አስቀየምሁዎ?»

«ምንም። ምነው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያዩኝ ኖረው ድንገት ፊትዎን አዞሩብኝ። እኔ እኮ ይህን የሚያህል አንጋፋ እያየኝማ አልሳሳትም እያልሁ ነበር እያንዳንዷን ስፌት የምጠነቀቅላት። ሰዉም የወደደኝ ለዚያ ነው። ይኸው በዚህ ወር ሁለት ቀሚስ አበላሸሁ።»

ነጂብ መቀሱን አስቀመጠ። ያን ሁሉ ደንበኛ ያመጣለት እሱ ራሱ ኖሯል!

«እስቲ አንዱን አምጣው» አለ በመጨረሻ።

ይሻው ቀሚሱን አመጣለት። ነጂብ ገልብጦ አየው። እውነትም የብብቱ ስፌት እንደ እባብ ተጣምሟል። ነጂብ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።