ነዳጅ የማይጠጣው መርከብ

ልጄ ከባሕር ላይ ደውሎ ምርቃቴን ሲጠይቀኝ እሺም እምቢም አላልኩትም። እሑድ ነበር። «እስከ ሐሙስ አስቢበት እማ፤ ሐሙስ ለኩባንያው መልስ እሰጣለሁ» አለኝ።

የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነው። እስከዚያ ጊዜ እህል በሚጭን መርከብ ላይ ነበር። አሁን በማዕረግ ከፍ ብሎ፣ ለጦር መርከቦች መሃል ባሕር ላይ ነዳጅ ወደሚያቀብል መርከብ እንዲዛወር ተጠይቋል። «አንቺ ካልመረቅሽኝ አልሄድም» ሲል የምሩን ነው። ከቤታችን ማንም ሳይመረቅ ረጅም መንገድ ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ነዳጅ አውቃለሁ። ባለቤቴ ወገቡን እስኪያመው ድረስ የቦቴ ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ናፍታና ቤንዚን እየጫነ አዳማ፣ አንዳንዴም እስከ ቡልቡላ ድረስ ያራግፍ ነበር። ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር ደባልቄ አጥቤ አላውቅም። አንድ ቀን ቡልቡላ አብሬው ሄጄ ከማደያው ማዶ ግራር ሥር ተቀምጬ ነበር። ቱቦው እንደተሰካ አንድ ሰው ሲጋራ እያጨሰ በቦቴው ጎን መጣ። ልጮህ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ሲጋራውን ከሰውየው አፍ ነጥቆ በመዳፉ ጨፈለቀው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ልጄ «ነዳጅ እናቀብላለን» ሲለኝ የታየኝ ያ መዳፍ ነው።

በማግስቱ ሴት ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ አስቀመጥኳት። እሷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ እኔ ከአራተኛ ነው ያቆምኩት። ወንድሟ ከሁሉም በላይ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብን ነው የምናገለግለው ብሎኝ ስለነበር ስለሱ ከስልኳ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

«ሁለት ዓይነት ነው» አለችኝ። «አንደኛው እንደ አባዬ መኪና ነዳጅ ያቃጥላል፤ ጭስ ማውጫ አለው፤ በየጥቂት ቀኑ ካልተሞላ ይቆማል። ሌላው በኑክሊየር ነው የሚሄደው። አንዴ ከሞሉት ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል።»

«ሃያ ዓመት ማደያ ሳይሄድ?»

ባለቤቴ ከተጋደመበት ሳቀ። «ሰልፍ የለ! ረዳቱ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?»

«ኑክሊየሩ ራሱ አይፈነዳም?» አልኳት።

«ቦምብና ሞተር አንድ አይደለም እማ።»

«እንዲህ ከሆነ ሁሉም ለምን እሱን አይሠሩም?»

«ውድ ነዋ። ሲበላሽም የሚጠገንበት ቦታ ጥቂት ነው። ወደባችን አይገባም የሚሉ አገሮችም አሉ። የነዳጁን ግን ብዙ ቦታ ይጠግኑታል።» ከዚያ ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ። «የባሕር ኃይል አዛዥ ልትሆኚ ነው እንዴ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ምስር ስለቅምም፣ ገበያ ስሄድም ሁለቱን መርከቦች ሳመዛዝን ከረምኩ። ነዳጅ የሚጠጣው ልጄን በየጥቂት ቀኑ ይጠራዋል። ኑክሊየሩ ግን አይፈልገውም። የማይፈልገው መርከብ ጋ ልጄ ምን ሊያቀርበው?

ረቡዕ ከአሱር ሶላት በኋላ ደወለ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኩትም። «የምታገለግሉት መርከብ የትኛው ነው? ነዳጅ የሚጠጣው ነው ወይስ ኑክሊየሩ?»

«ኑክሊየሩ ነው። ምነው?»

«እንግዲያው ሂድ አባቴ። አላህ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ።» እንትፍ እንትፍ ብዬ ስልኩን አረጠብኩት። «አሚን» ብሎ ቶሎ ዘጋው። ደስታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው።

«አንቺ ሴት፣ መርከቡስ አይጠጣ። አውሮፕላኖቹስ?»

«ምን ሆኑ?»

«በኑክሊየር የሚበሩ መሰለሽ? ምድጃሽ ላይ እንደምታነጂው ነጭ ጋዝ ያለ ነው የሚጠጡት፤ የነሱ ይበልጥ የተጣራ ነው እንጂ።»

ሴት ልጄ አንገቷን ደፍታ፣ «ለራሱ ነዳጅ ስለማይዝ ለአውሮፕላኖቹ ብዙ ይይዛል። ቢሆንም ያልቃል» አለች።

ሲያልቅ ማን እንደሚሞላው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቦቴም እኮ ራሱ የሚጠጣው ሌላ፣ የጫነው ሌላ ነው። ስንት ዓመት የቦቴ ሾፌር ሚስት ሆኜ ሞተሩን ብቻ አይቼ ጭነቱን ረሳሁት።

እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ። «መልስ ሰጠህ?»

«ገና ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነው።»

«አውሮፕላኖቹ ይጠጣሉ።»

«አባዬ ነገረሽ?»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እማ። ካወቅሽ አትመርቂኝም ብዬ ፈራሁ።»

«ስታቀብሉት በመሃላችሁ ምን ያህል ርቀት አለ?»

«ከበራችን እስከ መስጊዱ አጥር ቢሆን ነው። ሁለታችንም እየሄድን ነው የምናቀብለው፤ አንቆምም።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ሁለት፣ ሦስት ሰዓት። አብሽሪ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ቱቦውን ወዲያው የሚፈታ ሰው አለ።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ታች፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ነኝ። ፓምፑ ጋ።»

ባለቤቴ ስልኩን እንድሰጠው ጠባሳ ያለበትን እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

«የትናንቱን ምርቃት አንስቻለሁ» አልኩት። «ሳላውቅ የመረቅኩት ነው።»

«እሺ እማ። እንግዲያው ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።»

እምቢ እንድለው እየጠበቀ ነበር፤ እምቢ ካልኩት ደግሞ እንደሚቀር አውቃለሁ። እኔ ስለፈራሁ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ እህል ጫኝ ላይ ሊቀር ነው።

«እንደገና ጠይቀኝ» አልኩት። «አሁን አውቄያለሁ።»

ጠየቀኝ፤ መረቅኩት። ይህኛውን አሚን ሁለታችንም አብረን አልነው።

ከሄደ ወራት አለፉ። ቱቦ የሚሰካበት ቀን «ዛሬ ሥራ አለ» ብሎ ይጽፍልኛል። እስኪጨርስ ድረስ ቤቴ ውስጥ ክብሪት አልጭርም፤ ዳቦና ሻይ ከሻይ ቤት እናስመጣለን። ባለቤቴ ዳቦውን እያገላበጠ፣ «መርከቡ የትና የት፣ የምራበው እኔ!» ይላል። እሱም ግን ምድጃውን ለኩሺ ብሎኝ አያውቅም።